እማዬን ይዤ ከደብረ ብርሃን ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች

ከዴንቨር የመጣሁት ለገና ነበር። ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። እማዬ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ስለ ቢሾፍቱ ሐይቆች ስትሰማ ኖራለች እንጂ አንድም ቀን አላየቻቸውም። ዘንድሮ የግድ ነው አልኩና እሷን፣ አክስቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ሄድኩ። ሁለት ሌሊት አድረን ተመለስን። ከውጭ መጥታችሁ እንደኛ ከሰሜን ሸዋ ቤተሰብ ይዛችሁ መሄድ ካሰባችሁ፣ ብራችንን የት እንዳወጣንና የቱ እንዳስደሰተን፣ የቱ ደግሞ እንዳናደደን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መኪናው። አዲስ አበባ ያሉ አከራዮችን ስጠይቅ ዋጋውን በዶላር ነበር የሚነግሩኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ግን የአጎቴ ልጅ ሃይሩፍ ሚኒባስ ካለው አንድ ሾፌር ጋር አገናኘኝ። ሾፌሩ ስልኩን እንዳነሳ «ስንት ሰው ናችሁ? ትልቅ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ቁርጡን ነገረኝ፦ የቀኑ ይህን ያህል፣ ነዳጅ በእናንተ፣ ማደሪያና ምግቤ በራሴ። ቀብዱን በቴሌብር ላክሁለት፣ አለቀ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ቁጥር አልጽፍም። ዋናው ነገር ያለኝ ዋጋ እስከ መጨረሻው አልተለወጠም።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። መኪናውን ቀድሞ አሙቆታል፤ ለእማዬ መርገጫ የምትሆን ትንሽ በርጩማም ይዞ መጥቷል። ይቺን በርጩማ በየደረስንበት እያወጣ ከበሩ ሥር ሲያስቀምጥላት ነው ሁለቱ ቀን ያለፈው። እኔ በስንት አገር ታክሲ ስሳፈር እንዲህ ያለ አሳቢ ሰው አላየሁም። ከመነሳታችን በፊት ደግሞ በማለዳ ከዚያ አቅጣጫ የመጡ ጓደኞቹ ጋ ደውሎ መንገዱ ሰላም መሆኑን አረጋገጠ። ይህን የማያደርግ ሾፌር አትያዙ።

ጫጫን፣ ሸኖን፣ ሰንዳፋን አልፈን አዲስ አበባ ገባን፤ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በአዳማው የክፍያ መንገድ ቢሾፍቱ ቅርብ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፣ ቢሾፍቱ ደግሞ 1,900 ገደማ። እማዬ ሸኖ ላይ በጋቢዋ ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ደርባ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ስንደርስ ብርድ ልብሱን አጣጠፈችው፣ ቢሾፍቱ ስንገባ ጋቢውንም አወለቀችው።

ማደሪያችን ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሎጅ ነበር። ስሙን አልጠራም። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውኃ አለ፣ ከበረንዳው ሐይቁ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግን ስልክ ላይ የነገሩኝ ዋጋ ሌላ፣ ስወጣ የመጣው ደረሰኝ ሌላ። አሥር በመቶ የአገልግሎት፣ በዚያ ላይ አሥራ አምስት በመቶ ቫት ተደምሮበታል። ቫቱ የመንግሥት ነው፣ እከፍላለሁ። የተናደድኩት «ሁሉም የተጠቃለለ ነው ወይ?» ብዬ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለቴም «አዎ» ስለተባልኩ ነው። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ ፈገግ ብላ «ዲያስፖራ አይደላችሁ እንዴ?» አለችኝ። እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። ለልጅቷ አፈረችላት። እባካችሁ የሎጅ ሰዎች፣ ዋጋውን ከነምኑ ቀድማችሁ ንገሩን። ውድ ከሆነ ውድ ነው በሉን፣ እኛ እንወስናለን። ለእናንተ ደግሞ፦ «ከነቫቱና ከነሰርቪሱ ስንት?» በሉና መልሱን በጽሑፍ አስልኩ።

አሁን ወደ ጀልባው። ለእኔ የጉዞው ትልቁ ነገር ይሄ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን 10 ሰዓት ላይ ልጆቹ ጀልባ ጀልባ እያሉ አስቸገሩ። ዳር ላይ ወደተቀመጠው ቀዛፊ ሄድን። ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ሰው ነው። ውኃውን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ እናቴን አየ። «ዛሬ አልወስዳችሁም እህቴ» አለኝ። «ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ኑ፣ ውኃው እንደ መስታወት ነው።» እኔ ብሩን አውጥቼ ይዣለሁ! ሌላ ቢሆን ይቀበለኝ ነበር። እሱ ግን ጀልባውን ጎትቶ አሰረና ቁጭ አለ።

በማግስቱ በሰዓቱ ደረስን። ላይፍ ጃኬቶቹን አንድ በአንድ አወጣ። ትንሹን ልጄን አለበሰና በትከሻው በኩል ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ሞከረው። ጃኬቱ ወደ አገጩ ሲወጣ «ይሄ ሰፍቶታል» ብሎ ሌላ ቀየረለት። ለእናቴ ነጠላዋን በጃኬቱ ሥር አስገባላትና «እማማ፣ ይቺን ቀበቶ ላጥብቃት፣ ካስጨነቀችዎት ይንገሩኝ» አላት። «አጥብቃት ልጄ፣ ዋና አልችልም» አለችው። «እኔ እችላለሁ እማማ፣ አይዞዎት» አላትና እጇን ይዞ አስገባት።

ለምን እንደሚጠነቀቅ መሐል ስንደርስ ገባኝ። እነዚህ ሐይቆች ወንዝ ሞልቷቸው የተሠሩ አይደሉም። ከታች የሚወጣው የቀለጠ ዓለት ከመሬት በታች ያለውን ውኃ ሲያገኘው ውኃው ባንዴ እንፋሎት ሆኖ መሬቱን አፈነዳው፤ የቀረው ጉድጓድ ነው ውኃ የያዘው። ስለዚህ ዳሩ እንደ ገበቴ ነው፣ ወዲያው ቁልቁል ይወርዳል። ባቦጋያ ጥልቀቱ ከ60 ሜትር ይበልጣል፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ደግሞ ከ80 ሜትር በላይ ነው። «ከዳር ሁለት እርምጃ ሄጄ እመለሳለሁ የሚል ሰው ነው የሚያስለቅሰን» አለን ቀዛፊው። ልጆቼ ከዚያ በኋላ እንዋኝ አላሉም።

ሌላም ነገረን። በብርዱ ወራት አንዳንዴ ውኃው «ይገለበጣል» አለ፤ ይሸታል፣ ዓሣም ሞቶ ይንሳፈፋል። እውነት ነው። ሌሊቱ ሲበርድ የላይኛው ውኃ ይከብድና ይወርዳል፣ ከሥር ያለው አየር ያጣ ውኃ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። እሱ ይህን ያወቀው እዚያው ሲቀዝፍ ኖሮ ነው። እማዬ መቅዘፊያው ውኃውን ሲመታ እያየች ዝም ብላ ቆየችና «እንዴት ያለ ጸጥታ ነው» አለች። ስንወርድ ከተስማማነው ጨምሬ ሰጠሁት፣ ትርፉን ሊመልስልኝ ነበር። እናቴ በግድ አስያዘችው።

አንድ ቅር ያለኝ ነገር፣ የባቦጋያ ዳር አብዛኛው በሎጅና በግለሰብ ግቢ ታጥሯል። ምሳ ካልበላህ ወይ ካላደርክ ውኃውን ጠጋ ብለህ የምታይበት ቦታ ጥቂት ነው። የአገሩ ልጅ ሐይቁን በአጥር ቀዳዳ ማየት የለበትም። ሌላው የቢሾፍቱ ሐይቅ ሆራ በዚህ ይሻላል፣ መግቢያ ከፍለህ ከሕዝቡ ጋር ትዝናናለህ። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሁድ ግን እሬቻ እዚያ ስለሚከበር ከተማው ውስጥ አልጋ ማግኘት ከባድ ነው፣ ቀድማችሁ ያዙ።

ምሳ ላይ ዓሣ ጥብስ ከዳጣ ጋር በላን። ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ሰዓት ተኩል አስጠበቁን። ከመዞራችሁ በፊት እዘዙ።

ሁለተኛው ቀን ከሰዓት ሾፌራችን «አረንጓዴ ሐይቅን ሳታዩማ አትሄዱም» አለን። ከከተማው በስተደቡብ ነው። መጨረሻው ላይ መንገዱ አቧራ ነው። አፋፉ ላይ ቆመን ቁልቁል ስናይ ሁላችንም ዝም አልን። ውኃው እውነትም አረንጓዴ ነው፣ እንደ ተፈጨ ጎመን። ሶዳ ያለበት ውኃ ስለሆነ ስፒሩሊና የሚባለው በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ ሞልቶበት ነው። እዚህ ሎጅ የለም፣ ጀልባ የለም፣ መጸዳጃ ቤትም የለም፤ ውኃና ሶፍት ይዛችሁ ሂዱ። ሁለት እረኛ ልጆች መኪናውን ጠበቁልን፣ ትልቁ ልጄን ደግሞ በከብቶቹ መንገድ እስከ ታች አድርሰው መለሱት። የሚያዳልጠው ቦታ ላይ እየቀደሙ እጃቸውን ይሰጡት ነበር። ከጉዞው ሁሉ በጣም የወደድኩት ቦታ ይሄ ነው።

ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ ያው ሾፌር አንድ ቀን ታርማበር አወጣን። እዚያ ያለው ጥቁር ዓለትም የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው፤ ሐይቅ የለውም እንጂ ገደሉ አፋፍ ላይ ስትቆም የሚታየው ነገር ከቢሾፍቱ አያንስም። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የቆፈረው ዋሻም እዚያው ነው። ግን ገደሉ አጥር የለው፣ አስጎብኚ የለው፣ መቀመጫ የለው። ቆሎ የሚሸጡ ሴቶች ብቻ ናቸው «ልጅሽን ያዢው፣ ነፋሱ ኃይለኛ ነው» እያሉ የሚያስጠነቅቁን። እንደዚያ ቀዛፊ ሥራውን የሚያውቅ ሰው፣ እዚህም ሰልጥኖ ደመወዝ ቢቆረጥለት ምን ነበረበት? ሰሜን ሸዋ እንግዳ የሚያሳድርበት ነገር ሞልቷል።

ከታርማበር ስንመለስ እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ ከፊት ተቀምጣለች። «ያ ወንጪ የሚሉትስ ወዴት ነው?» አለችው ሾፌሩን። እሱም ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም እንዳለ፣ ወደ ሐይቁ በፈረስ እንደሚወረድ ነገራት። ትንሽ አሰበና «ለእርስዎ ኮርቻው የተመቸ፣ ገራም ፈረስ ቀድሜ አስይዛለሁ ማዘር» አላት።

«ከፋሲካ በኋላ ይሁን» አለች እማዬ።