ማይክሮፎኑ ሲዘጋ፦ የ2024ቱ ሁለት የፕሬዚዳንታዊ ክርክር ሥርጭቶች ለመራጩ ምን ሰጡ?

እ.ኤ.አ. በ2024 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት የሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች ዕጩዎች ሁለት ጊዜ በቴሌቪዥን ተከራክረዋል። የመጀመሪያውን ሲኤንኤን ጁን 27 ቀን ከአትላንታ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ኤቢሲ ሴፕቴምበር 10 ቀን ከፊላዴልፊያ አስተላልፈዋል። በመጀመሪያው የተከራከሩት ዶናልድ ትራምፕና ጆ ባይደን፣ በሁለተኛው ደግሞ ትራምፕና በባይደን ምትክ ዕጩ የሆኑት ካማላ ሃሪስ ናቸው። ማን አሸነፈ የሚለውን ለየደጋፊዎቹ ትቼ፣ እኔ እዚህ የምመዝነው ጣቢያዎቹ ለመራጩ ያቀረቡትን አገልግሎት ነው። መለኪያዬም አንድ ነው፦ የአንዱ ዕጩ ደጋፊ የሆነ ሰው የተቀናቃኙን ሐሳብ እስከ መጨረሻው እንዲሰማ አስችሎታል ወይ?

ይህን መለኪያ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የምኖረው በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሲሆን፣ ታላቅ ወንድሜ የዶናልድ ትራምፕ፣ የባለቤቴ ወንድም ደግሞ የዲሞክራቶች ብርቱ ደጋፊዎች ናቸው። ወንድሜ የጆ ባይደን አስተዳደር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎአ፣ ማለትም ሸቀጦችን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከማስገባት የንግድ ዕድል፣ ማስወጣቱንና ይህም በኢንዱስትሪ ፓርኮች የሚሠሩ ወጣቶችን እንጀራ መንካቱን አይረሳም። የባለቤቴ ወንድም በበኩሉ ትራምፕ በኦክቶበር 2020 ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ግብፅ የሕዳሴውን ግድብ ታፈነዳዋለች ማለታቸውን ያነሣል። ሁለቱም የሚጠቅሱት በእርግጥ የሆነ ነገር ነው፤ ክርክራቸው ማለቂያ ያጣውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። በ2020 ትራምፕና ባይደን በክሊቭላንድ ሲከራከሩና አወያዩ ክሪስ ዋላስ አንዱ የሌላውን ንግግር እንዳያቋርጥ ደጋግሞ ሲለምን፣ የእኛም ሳሎን እንደ መድረኩ ሆኖ ነበር፤ ማን ምን እንዳለ በቅጡ የሰማ ሰው አልነበረም።

የሲኤንኤን ትልቁ ሥራ ይህን ሁኔታ መለወጡ ነው። በአትላንታው ስቱዲዮ ታዳሚ አልተጋበዘም፤ ለእያንዳንዱ መልስ ሁለት ደቂቃ፣ ለምላሽ አንድ ደቂቃ ተመደበ፤ ተራው ያልሆነ ዕጩ ማይክሮፎንም ተዘጋ። ያለ ታዳሚ መከራከር አዲስ ነገር አይደለም፤ ኬኔዲና ኒክሰን በ1960 በቺካጎ የተከራከሩት እንዲሁ ነበር። ሆኖም ጭብጨባውና ፉጨቱ ሲቀር፣ የተባለውን ከመመዘናችን በፊት መልሱ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው እያለ የሚነግረን ሰው አልነበረም። ማይክሮፎኑ በመድረኩ ላይ ሲዘጋ በሳሎናችንም ዝምታ ሰፈነ፤ ወንድሞቻችን ሁለት ሙሉ ደቂቃ ሳይቋረጡ የተቃራኒያቸውን ዕጩ ሲሰሙ ያየሁት ያን ምሽት ነው። የባለቤቴ ወንድም ባይደን ሐሳባቸውን መጨረስ ሲያቅታቸው ተመልክቶ፣ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ያለው ጎረቤት እንኳ እስኪሰማው ድረስ ይከራከር የነበረ ሰው፣ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ቀረ። ክርክሩ ዕጩዎች በይፋ ከሚሰየሙባቸው የፓርቲዎቹ ጉባኤዎች በፊት መደረጉም ጠቅሟል፤ ባይደን ጁላይ 21 ቀን ከውድድሩ ሲወጡ ለፓርቲያቸው ሌላ ዕጩ የማቅረቢያ ጊዜ ቀርቶት ነበር።

የሲኤንኤን ጉድለት አወያዮቹ ጄክ ታፐርና ዴና ባሽ ሐሰት የሆነውን ንግግር ሳያርሙ ማለፋቸው ነው። ባይደን በሥልጣን ዘመናቸው በየትኛውም የዓለም ክፍል ወታደር እንዳልሞተ አድርገው ሲናገሩ፣ በኦገስት 2021 በካቡል አውሮፕላን ማረፊያ 13 የአሜሪካ ወታደሮች መገደላቸውን ማንም አላስታወሳቸውም። ትራምፕም ከወሊድ በኋላ ሕፃን መግደል የሚፈቀድባቸው ግዛቶች እንዳሉ ሲናገሩ እንዲሁ ታለፉ። ሥርዓት ያለው ዝምታ ተፈጥሮ ሳለ በዚያ ዝምታ ውስጥ ሐሰት ያለ ተቃውሞ መግባቱ አሳዝኖኛል።

ኤቢሲ ይህንን ለማረም ሞክሯል። ትራምፕ የሕፃናቱን ነገር በፊላዴልፊያ ሲደግሙት አወያይዋ ሊንዚ ዴቪስ በየትኛውም ግዛት ይህ ሕጋዊ እንዳልሆነ ተናግራለች። ስፕሪንግፊልድ፣ ኦሃዮ የገቡ ስደተኞች የሰው ውሻና ድመት ይበላሉ ሲሉም ሌላው አወያይ ዴቪድ ሙር የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ተዓማኒ ማስረጃ እንደሌለ ለጣቢያው መግለጻቸውን ወዲያውኑ አሳውቋል። እኛም ስደተኞች ነንና፣ እንዲህ ያለው ወሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ፊት ሳይታረም ቢያድር ምን ሊያስከትል እንደሚችል እናውቃለን፤ ለዚያ እርማት ጣቢያውን ከልቤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ካማላ ሃሪስ በጦርነት ቀጣና የሚያገለግል አንድም የአሜሪካ ወታደር የለም ሲሉ፣ በኢራቅና በሶሪያ ወታደሮች መኖራቸው እየታወቀ፣ አወያዮቹ ዝም ብለዋል። ወንድሜ ከዚያ በኋላ የተነገረውን ሁሉ በጥርጣሬ መስማት ጀመረ፤ ቅሬታውም ፍትሐዊ ነው። ማይክሮፎኑም ቢሆን በሕጉ መሠረት ተዘግቶ ሊቆይ ሲገባው አንዳንዴ ይከፈት ስለነበር፣ ትራምፕ ከሃሪስ ይልቅ አምስት ደቂቃ ያህል የሚበልጥ ጊዜ ተናግረዋል። እንግዲህ ደንቡን ከአትላንታ፣ እርማቱን ከፊላዴልፊያ ወስዶ በሁለቱም ዕጩዎች ላይ እኩል የሚሠራ ጣቢያ ቢገኝ፣ የምሻው አገልግሎት እርሱ ነበር።

ሥርጭቱን ለማግኘት ችግር አልነበረም፤ ሁለቱም ጣቢያዎች ለሌሎች አካፍለውታልና ያለ ክፍያ ማየት ይቻል ነበር። የከበደን ቋንቋው ነው። እናቴ ዜግነት ካገኙ ወዲህ ምርጫ ቀርተው አያውቁም፤ ሆኖም ቤታችን በሚገቡት ጣቢያዎች ላይ በአማርኛ የሚተረጎም ሥርጭት አላገኘንም። ከወንዙ ማዶ ባለችው ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ። የመራጩን ልብ ለሚያዘነብል የዘጠና ደቂቃ ክርክር ግን በቤታችን አስተርጓሚ ሆና የተቀመጠችው የአሥራ አራት ዓመት ልጄ ናት፤ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ታጭቆ የሚነገረውን የታክስና የጤና መድን ጉዳይ እየተከታተሉ መተርጎም ለአዋቂም ይከብዳል።

ከሁሉ ይበልጥ ያስቆጨኝ በአትላንታ የቀረበው የሕፃናት መዋያ ጥያቄ ነው። በዚህ አካባቢ ባልና ሚስት ሁለት ፈረቃ እየተቀያየሩ የሚሠሩት፣ አያቶችም ከአዲስ አበባ ድረስ የሚመጡት በዚሁ ወጪ ምክንያት ስለሆነ፣ ታፐር ክፍያውን ለወላጆች ለማቅለል ምን ታደርጋላችሁ ብሎ ሲጠይቅ ቤቱ በሙሉ ጆሮውን አቀና። ትራምፕ ስላባረሯቸው ባለሥልጣናት ተናገሩ፤ ባይደን ትራምፕ ከፕሬዚዳንቶች ሁሉ የከፉ እንደነበሩ ተናገሩ። ታፐር ጥያቄውን ወደ ትራምፕ ቢመልሰውም የረባ መልስ አልመጣም፤ እርሱም ጊዜው አልቋልና ወደ ሌላ ጉዳይ ተሻገረ። የልጅ ልጆቻቸውን በጭናቸው ያስቀመጡት እናቴ ጥያቄውን በትርጉም ሰምተው ነበርና፣ «ታዲያ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ። ልጄ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ከዚያም ወደ እኔ ተመለከተች፤ የምትተረጉመው አልነበራትም።