የአሳ ቤታችንን ገጽ ስለያዙልን ልጆች

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የአሳ ገበያ አጠገብ ትንሽ አሳ ቤት አለችኝ። የቴሌግራምና የቲክቶክ ገጻችንን የያዙልን የሐዋሳ ልጆች ሥራ በጣም አርክቶኛል። ካሜራ ከማውጣታቸው በፊት ወጥ ቤት ገብተው ከሠራተኞቼ ጋር አወሩ። ሁላችንንም አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገቡን። ጠዋት ጀልባ ሲገባ አብሳይዋ «ዛሬ ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ የለም» ብላ በድምፅ ትልካለች። እነሱም ወዲያው ከነዋጋው ይለጥፉታል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብሎ ነገር የለም። ይሄን ወድጄላቸዋለሁ፤ ዋጋ የተደበቀበት ደንበኛ ይሸሻል። ፎቶውም የራሳችን ነው፦ ጥብሱ፣ ዳጣው፣ የተቆረጠው ሎሚ። ከኢንተርኔት የተለቀመ አይደለም።

ቅር ያለኝ እሁድ ነው። ገበያው በሚደራበት ሰዓት ለደንበኛ ቶሎ አይመልሱም ነበር። ስነግራቸው አልተቆጡም፤ ካሸሯ ራሷ እንድትመልስ አሠለጠኗት። ክፍያቸውም ለትንሽ ቤት አይከብድም።