አትላንቲክን በመርከብ፦ በ7 ሌሊት ወይስ በ14?

ለንደን ያለ ሰው ዲሲ ሠርግ ተጠርቶ አውሮፕላን የሚፈራ ከሆነ ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «በመርከብ አይቻልም እንዴ?» ይቻላል። ጣጣው የሚመጣው ትኬት ሲቆረጥ ነው። «ትራንስአትላንቲክ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ፊቱ ላይ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች በአንድ ስም ይደረደሩለታል። ርካሽ የሚመስለውን ይገዛል፤ ሠርጉ ሲጨፈር እሱ ገና ከካናሪ ደሴቶች ወዲያ ነው።

አንደኛዋ ኩዊን ሜሪ 2 ናት። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረች፣ ዛሬ በሳውዝሃምፕተንና በኒውዮርክ መካከል በመደበኛ ፕሮግራም የምትመላለስ ብቸኛዋ ላይነር፣ ማለትም ለሽርሽር ሳይሆን ውቅያኖስ አቋርጣ ሰው ለማድረስ የተሠራች መርከብ። ጉዞዋ አብዛኛውን ጊዜ 7 ሌሊት ነው፤ ሃምቡርግን የሚጨምሩት ጉዞዎች ይረዝማሉ፣ ቀኑን ሳይቆጥሩ እንዳይከፍሉ። ሁለተኛው የቦታ ቅያሪ ጉዞ ነው። በብርዱ ወራት ካሪቢያን የሚሠሩ የሽርሽር መርከቦች በሚያዝያና በግንቦት ወደ አውሮፓ ይሻገራሉ፣ በጥቅምትና በኅዳር ይመለሳሉ። መርከቡ መሄዱ ስለማይቀር ኩባንያው ካቢኑን ባዶ ከሚወስድ በርካሽ ይሸጠዋል። 14 ሌሊት አካባቢ ይወስዳል፤ 10ም 16ም አለ።

ስለ መዋኛውና ስለ ምግቡ ሁለቱም ሲያወሩ ይውላሉ፣ እሱን እንለፈው። መድረስ ለሚፈልግ ሰው ምርጫው ላይነሯ ናት፤ ይህን ከወዲሁ ማለት ይሻላል።

መጀመሪያ ብሩ። ወጥመዱ ያለው «በሌሊት» በምትለው ቃል ውስጥ ነው። የቦታ ቅያሪው «በሌሊት 60 ዶላር» ተብሎ ይለጠፋል፤ ላይነሯ ደግሞ በድምሩ 1,200 ዶላር ትላለች እንበል። ዋጋው በየቀኑ ስለሚለዋወጥ እነዚህን ቁጥሮች እንደ ምሳሌ ያዟቸውና የራሳችሁን አስገቡባቸው። 60 በ14 ሌሊት 840 ነው። እስከዚህ ድረስ ላይነሯ በ360 ዶላር ተሸንፋለች። አሁን በየቀኑ በነፍስ ወከፍ የሚቆረጠውን ጉርሻ 17 ዶላር አድርጉት፦ ላይነሯ ላይ 119፣ ሌላው ላይ 238። ኢንተርኔት በቀን 25 ቢሆን 175 እና 350። ላይነሯ ብሩክሊን ሬድ ሁክ ታወርዳችኋለች፤ ከዚያ ዲሲ በአውቶቡስ 40 ዶላር ብትሉ ትደርሳላችሁ። የቦታ ቅያሪው ከባርሴሎና ተነስቶ ማያሚ የሚያበቃ ከሆነ ለንደን–ባርሴሎና 80፣ ማያሚ–ዲሲ 150 የአውሮፕላን ጨምሩ። አዎ፣ አውሮፕላን ላለመሳፈር የተገዛው ትኬት ሁለት አውሮፕላን ያሳፍራል። ድምሩ 1,534 ለላይነሯ፣ 1,658 ለርካሹ። የወደብ ታክስ ገና አልገባም። በሰዓት ተከፍሎት የሚሠራ ሰው ደግሞ የ7 ተጨማሪ ቀን ደመወዙን ይቀንስበት።

ሒሳቡ የሚገለበጥበት አንድ ቦታ አለ፦ ብቻውን የሚሄድ ሰው። ከላይ ያለው ዋጋ ሁለት ሰው አንድ ካቢን ሲጋራ የነፍስ ወከፍ ነው። ለብቻ ሲሆን የባዶው አልጋ ጭማሪ ከ75 እስከ 100 በመቶ ይደርሳል። በ75 ብናሰላው የላይነሯ 1,200 ወደ 2,100 ይወጣል፤ የሌላው 840 ወደ 1,470። የቀረው ወጪ ሲደመር 2,434 ለላይነሯ፣ 2,288 ለርካሹ ይሆናል። ኩዊን ሜሪ 2 ላይ በ2016 እ.ኤ.አ. እድሳት የተጨመሩ 15 የአንድ ሰው ካቢኖች አሉ፤ 15 ማለት ግን ለመላው መርከብ ነው፣ ቀድሞ የያዘ ያገኛል።

ላይነሯ ለምን በግማሽ ጊዜ ትደርሳለች? አንዱ መልስ መንገዱ ነው። እሷ በሰሜኑ አጭር መስመር 3,150 የባሕር ማይል ገደማ ትቆርጣለች፤ ያኛው ሙቀቱን እየተከተለ በካናሪ ወይም በአዞር ደሴቶች በኩል ይዞራል፣ በየወደቡም ይቆማል። ሌላው መልስ አሠራሯ ነው። የፊት ጫፏ ረጅምና ሹል ነው፣ ውኃ ውስጥ 10 ሜትር ያህል ትጠልቃለች፣ ርዝመቷ 345 ሜትር ነው። የሽርሽር መርከብ ብዙ ካቢን እንዲይዝ ተብሎ እንደ ሳጥን ይሠራል። ሰሜን አትላንቲክ ማዕበል ሲነሳ ሳጥኑ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ሹሏ ትቀጥላለች። «የድሮ ላይነር ስሜት» እያሉ ጭስ ማውጫ ቀይና ጥቁር መቀባት፣ አዳራሹን በእንጨት መለበጥ ማንም ይችላል። ከቀለም በታች ያለውን ብረት ግን መኮረጅ ዋጋ ያስከፍላል።

ኩዊን ሜሪ 2 ወደ 30 ኖት (በሰዓት 30 የባሕር ማይል) የሚጠጋ ፍጥነት አላት፤ ግን አትጠቀምበትም። ከሳውዝሃምፕተን ከቀኑ 11 ሰዓት ተነስታ በስምንተኛው ቀን ንጋት 12 ሰዓት ኒውዮርክ ብትገባ፣ የ5 ሰዓቱ የሰዓት ልዩነት ተጨምሮ 162 ሰዓት ነው፤ በአማካይ 19 ኖት ተኩል። ቀድሞ ጉዞው 6 ሌሊት ነበር፤ በዚያው ሒሳብ 23 ኖት ግድም ይጠይቃል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። መርከብ የሚፈልገው ኃይል ግን በግምት በፍጥነቱ ኩብ ልክ ስለሚያድግ ያቺ 3 ኖት ተኩል 60 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ትበላለች። አንዱ ሌሊት የተጨመረው ነዳጅ ለመቆጠብ ነው።

«ድሮ እኮ በ3 ቀን ተኩል ይሻገሩ ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ ዩናይትድ ስቴትስ የተባለችው ላይነር በሐምሌ 1952 እ.ኤ.አ. ወደ ምሥራቅ በ3 ቀን ከ10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ተሻግራለች፣ በአማካይ 35.59 ኖት። ነገር ግን ሰዓቱ የተያዘው ከኒውዮርክ ደጃፍ ካለው የአምብሮዝ መብራት እስከ እንግሊዝ ጫፍ ቢሾፕ ሮክ ድረስ ነው፤ ከወደብ ወደብ አይደለም። 240,000 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ በጦርነት ጊዜ ወታደር እንድትጭን ታስባ በመንግሥት ድጎማ የተሠራች መርከብ ነበረች። ያንን ነዳጅ ዛሬ ከትኬት ሽያጭ የሚከፍል ኩባንያ የለም።

ታዲያ ካልተጠቀመችበት የላይነሯ ፍጥነት ለተሳፋሪው ምን ያደርግለታል? መጠባበቂያ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ፣ 1,500 ማይል ሲቀር፣ ታማሚ ለማውረድ ወይም ማዕበል ለመሸሽ 10 ሰዓት ጠፋ እንበል። በ20 ኖት የቀረው 75 ሰዓት ነበር፤ በሰዓቱ ለመግባት በ65 ሰዓት መጨረስ አለበት፤ ይህም 23 ኖት ነው። ለላይነሯ ቀላል ነው። ጣሪያው 22 ኖት የሆነ የሽርሽር መርከብ ግን አይደርስበትም፤ ወይ ወደብ ይዘላል፣ ወይ ዘግይቶ ይገባል። ማያሚ ላይ የቆረጣችሁት የዲሲ በረራም አብሮ ይሄዳል።

ላይነሯ እንከን የላትም ማለት አይደለም። የምትገፋው ከሆዷ በታች በተንጠለጠሉ አራት ፖዶች ነው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተር አለ። ሁለቱ አይዞሩም፣ ሁለቱ እየዞሩ ይመሯታል። የፕሮፔለሩን ግፊት የሚሸከሙት ቤሪንጎች ከታሰበው ቀድመው እየተበሉ ብዙ አስቸግረዋል፤ ባለቤቱ ኩባንያ ሠሪውን ከስሶ በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 24 ሚሊዮን ዶላር ተፈርዶለታል። በጥር 2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከፎርት ሎደርዴል ስትወጣ አንዱ ፖድ የቦዩን ግድግዳ መታ፤ በሦስቱ ብቻ ስለቀጠለች ፍጥነቷ ወርዶ ወደቦች ተዘለሉ፣ ተሳፋሪው ከመርከቡ አንወርድም ብሎ ዛተ። ስለዚህ በእሷም ቢሆን ጠዋት ደርሶ ማታ ሠርግ መግባት አይታሰብ። አንድ ቀን መሐል ይግባ።

ለእኛ ሰው ከፍጥነቱ እኩል የሚከብደው ወረቀቱ ነው። ላይነሯ በቀጥታ ስትሻገር የሚጠየቀው የሁለት አገር ጉዳይ ነው፦ የእንግሊዝ መኖሪያ ወይም ቪዛ፣ እና የአሜሪካ ቪዛ። የእንግሊዝ ዜግነት ያለውም በባሕር ሲገባ ኢስታ (ያለ ቪዛ ለሚገቡ በኢንተርኔት የሚወጣው የአሜሪካ ፈቃድ) ያስፈልገዋል። የቦታ ቅያሪው ስፔንንና ፖርቱጋልን ከነካ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሼንገን ቪዛ ይጠየቃል፤ «ከመርከቡ አልወርድም» ማለት አብዛኛውን ጊዜ አያድንም፣ ኩባንያው በመነሻው ወደብ ላይ ያስቀራል። ገንዘቡም አይመለስም። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዘ ሰው ከመክፈሉ በፊት በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይያዝ።

ካቢን ስትመርጡ ለባሕር የማይመች ሆድ ያለው ሰው ከመርከቡ መሐል፣ ዝቅ ካለው ደርብ ይያዝ። ማረጋጊያ ክንፎቹ ወደ ጎን መወዛወዙን ይቀንሳሉ፤ ፊትና ኋላ እንደ ሚዛን መነሳት መውረዱን አያቆሙም፣ እሱ ደግሞ ጫፍ ላይ ይበረታል። በላይነሯ ደርብ 4፣ 5 እና 6 ላይ ያሉት ባለ በረንዳዎች ከነፋስ የተከለሉ ናቸው፤ ግን ሲቀመጡ ከፊት የሚታየው የብረት ግድግዳ ነው። ደርብ 8 ላይ በርካታዎቹን የነፍስ አድን ጀልባ ይጋርዳቸዋል። ደርብ 6 ርካሽ ሆኖ ከተገኘ በላዩ ቡፌው መኖሩን እዩ፤ ንጋት ላይ የወንበር ጉተታ ይሰማል። በሰሜን አትላንቲክ በኅዳር በረንዳ ላይ የሚቀመጥ ስለሌለ መስኮት የሌለው የውስጥ ካቢን አያስቆጭም።

ምርጫ ካለ ጉዞው ወደ ምዕራብ ይሁን። ወደ ኒውዮርክ ሲሄዱ አምስት ጊዜ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ የ25 ሰዓት ቀን ይገኛል፣ እንቅልፍ ይጠገባል። ወደ እንግሊዝ ሲመለሱ እነዚያው አምስት ሰዓቶች አንድ በአንድ ይወሰዳሉ።

ሻንጣ እንደ አውሮፕላን አያስጨንቅም፤ ካቢን ውስጥ መግባት ግን አለበት። በርበሬና ሽሮ ኒውዮርክ ላይ አስመዝግቦ ማለፍ ይቻላል፣ ቋንጣ ይወሰዳል። ጀበናው ሻንጣ ውስጥ ይቆይ፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ከሰልና ዕጣን በሁለቱም ዓይነት መርከብ በእሳት ምክንያት የተከለከሉ ናቸው፣ ፍተሻ ላይ ተይዘው የሚመለሱት ስትወርዱ ነው።