ስድስት ሳምንት የወሰድነው የቅድመ ጡረታ ኮርስ፣ ይጠቅማል ወይ ለምትሉኝ

ኮርሱን የወሰድነው እኔና ባለቤቴ አብረን ነው፣ በዙም፣ በሳምንት አንድ ማታ ለሁለት ሰዓት፣ ለስድስት ሳምንት። ሰው እየደጋገመ ስለሚጠይቀኝ አንዴ በደንብ ልፃፈው ብዬ ነው። አጭሩ መልስ አዎ ይጠቅማል ነው፣ ግን የገንዘቡን ነገር ብቻ ብላችሁ የምትገቡ ከሆነ ቅር ይላችኋል፣ እኔን የጠቀመኝ ሌላው ነው።

ስገባ የነበረኝ ጥያቄ አንድ ነበር፣ መቼ ልውጣ? 61 ዓመቴ ነው፣ 34 ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ሰርቻለሁ፣ ቆሜ ስውል ጉልበቴን ያመኛል፣ ስራውን ግን አልጠላሁትም። ባለቤቴ ግን ከስራ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ወራት በጣም ደስተኛ ነበር፣ ያልጠገነው በር የለም፣ ያልጠየቀው ዘመድ የለም፣ ከዛ ቀስ በቀስ ዝም አለ። ከስራ ስገባ ያችው ሶፋ ላይ አገኘዋለሁ፣ ቲቪው ተከፍቷል እሱ ግን አያየውም፣ ምን ሆነሃል ስለው ምንም ይለኛል። እኔም ነገ እንደዚህ ልሆን ነው እያልኩ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ አሰልጣኟ ሮበርት አችሊ የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት በ1970ዎቹ የፃፈውን የጡረታ ደረጃዎች አስረዳችን። መጀመሪያ እንደ ጫጉላ ጊዜ የሚጣፍጥ ወቅት አለ፣ ቀጥሎ ሁሉም ነገር ይቀዘቅዝና ሰው ቅስሙ ይሰበራል፣ ከዛ ራሱን እንደገና ያደራጃል፣ በኋላ ይረጋጋል። ሁሉም ሰው በዚህ ቅደም ተከተል ያልፋል ማለት እንዳልሆነም ነግራናለች። ባለቤቴ እስከዛ ማታ ድረስ ካሜራውን አጥፍቶ ራቅ ብሎ ነበር የሚከታተለው፣ ይሄን ሲሰማ ወንበሩን ስቦ ጠጋ አለና ማይኩን ከፍቶ "እኔ ሁለተኛው ላይ ነኝ" አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። በሁለት ዓመት ውስጥ ስለራሱ አፍ አውጥቶ ሲናገር የሰማሁት የዛን ማታ ነው፣ ለኔ ኮርሱ የተከፈለበትን ያህል የሰራው እዛ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉም በላይ የምመክራችሁ ግን ሦስተኛው ሳምንት ላይ የሚሰጠውን የቤት ስራ ነው። ስራ ካቆማችሁ ስምንት ወር ሆኗችኋል በሉ፣ እለቱ ተራ ማክሰኞ ነው፣ እንግዳ የለም ጉዞ የለም በዓል የለም፣ ከእንቅልፍ ከምትነሱበት እስከምትተኙበት በየሰዓቱ የምትሰሩትን ፃፉ፣ ከማን ጋር እንደምትሰሩትም ፃፉ ተባልን። ባልና ሚስት የየራሳቸውን ይፅፋሉ፣ እስኪጨርሱ አይተያዩም። እኔ በጣም ቀላል ነው ብዬ ጀመርኩ፣ ተነሳሁ፣ በእግሬ ሄድኩ፣ ቁርስ በላሁ፣ ቤት አፀዳሁ፣ አነበብኩ፣ ይሄን ሁሉ ብዬ ገና ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነኝ። እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ። ከማን ጋር የሚለው አምድ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው፣ ለካ የማውቃቸው ሰዎች በሙሉ የስራ ቦታ ሰዎች ናቸው። የባለቤቴን ወረቀት ሳየው ደግሞ ማታ 11 ሰዓት በሚለው መስመር ላይ "እሷን መጠበቅ" ብሎ ፅፏል። ሌላው መስመር ግማሹ ባዶ ነው። ያንን ወረቀት ይዘን ብዙ ተቀመጥን፣ አላወራንም፣ እሱም አልተከላከለም እኔም አልወቀስኩትም።

መቼ ልውጣ የሚለው ጥያቄ እዛ ላይ መልኩን ቀየረብኝ። እስከዛ ድረስ ቁጥር ነበር የምፈልገው፣ 62 ወይስ 63 ወይስ 65 እያልኩ። በነገራችን ላይ 65 የሚባለው ነገር ከሰውነታችን የመጣ እንዳይመስላችሁ፣ ጀርመን በቻንስለሯ በቢስማርክ ዘመን በ1889 የእርጅና መድን ሕግ ስታወጣ ዕድሜው 70 ነበር፣ ወደ 65 የወረደው በ1916 ነው፣ ሕግ አውጪ የወሰነው ቁጥር ነው። አሁን እኔ ራሴን የምጠይቀው ወጥቼ ወዴት ነው የምገባው የሚለውን ነው፣ ማክሰኞዬ ባዶ ከሆነ ገና ነኝ ማለት ነው፣ ጉልበቴ እያመመኝም ቢሆን።

የገንዘቡ ክፍል አራተኛው ሳምንት ላይ ነው፣ እዚህ ጋ ቅሬታ አለኝ። አሰልጣኙ ሌላ ሰው ነው፣ ጥሩ ተናጋሪ ነው ግን ይሮጣል። ዊልያም ቤንገን የሚባል የፋይናንስ አማካሪ በ1994 ያወጣውን የ4 በመቶ ስሌት ነገረን፣ በመጀመሪያው ዓመት ከቁጠባህ 4 በመቶ ታወጣለህ፣ ከዛ በየዓመቱ የዋጋ ንረቱን እየጨመርክ ትቀጥላለህ፣ 30 ዓመት ያደርስሃል የሚለውን ማለት ነው። ችግሩ ስሌቱ የተሰራው በአሜሪካ የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ ታሪክ ላይ ነው፣ ገንዘቡን ባንክ አስቀምጦ ለሚኖር ሰው ወይም ሌላ ገበያ ላይ ላለ ሰው እንዳለ ተገልብጦ አይሰራም፣ እሱ ግን እንደ ሕግ አድርጎ ነው ያቀረበው። ጥያቄ ጠይቄው "ግምት ነው" ብሎ አለፈኝ። ግምት ከሆነ ከመጀመሪያው ግምት ነው ማለት ነበረበት፣ ሰው እኮ በዚህ ተመርኩዞ ከስራ ይወጣል!

የዋጋ ንረት ላይም አንድ ስላይድ ብቻ ነው የሰጠው፣ እኔ ቤት ገብቼ በኤክሴል ስሰራው ነው የደነገጥኩት። ንረቱ በዓመት 6 በመቶ ቢሆን እንኳን ዛሬ የያዝኩት ብር የመግዛት አቅሙ በ12 ዓመት ገደማ ግማሽ ይሆናል፣ 12 በመቶ ከሆነ በስድስት ዓመት። 61 ላይ የሚበቃ የሚመስል ጡረታ 73 ላይ ግማሽ ሆኖ ያገኘኛል፣ ጡረታው ከንረቱ ጋር እየተስተካከለ የማይሄድ ከሆነ ማለቴ ነው። መጀመሪያ ማጣራት ያለባችሁ ይሄንን ነው፣ ኮርሱ ላይ ግን ማንም አፅንኦት አልሰጠውም። አንድ በደንብ ያስረዳው ነገር ቢኖር ገበያው ልክ በወጣችሁ ዓመታት ላይ ከወደቀ የሚያደርሰው ጉዳት ከአስር ዓመት በኋላ ከሚወድቀው እንደሚብስ ነው፣ ምክንያቱም በወረደ ዋጋ እየሸጣችሁ ስለምትበሉ ገበያው ሲያገግም የሚያገግም ብዙ አይቀራችሁም። ለዚህ የአንድ ሁለት ዓመት ወጪ ለብቻ በጥሬ ገንዘብ መያዝን መክሮናል፣ ይሄን ወድጄዋለሁ።

አምስተኛው ሳምንት ስለ ጤናና ስለ ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 በላይ ላለ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፣ እኔ ያላወቅኩት ግን ከዛ በተጨማሪ በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛን የመጠበቅና የጥንካሬ እንቅስቃሴ እንደሚል ነው፣ መውደቅን ለመከላከል። ሃርቫርድ ከ1938 ጀምሮ ሰዎችን እድሜ ልካቸውን እየተከታተለ የሚያጠናውን ጥናትም አሰልጣኟ አነሳችልን፣ 50 ዓመታቸው ላይ በቅርብ ሰዎቻቸው ደስተኛ የነበሩት 80 ላይ የተሻለ ጤና የነበራቸው እነሱ ናቸው። እኔ ይሄን ስሰማ ወዲያው ያ "ከማን ጋር" የሚለው ባዶ አምድ ነው ትዝ ያለኝ።

የጎደለውን ልንገራችሁ። ቤት ውስጥ የሚያስታምሙት ወላጅ ወይም ልጅ ላላቸው ሰዎች አንድም ነገር የለም፣ ግሩፓችን ውስጥ እናቷን የምታስታምም አንዲት እህት ነበረች፣ ማክሰኞዋ ከጠዋት እስከ ማታ ሙሉ ነው፣ ለእሷ "ጊዜሽን በምን ትሞያለሽ" የሚለው ጥያቄ ምን ያደርግላታል? ጠየቀች፣ መልስ አላገኘችም፣ በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣችም። ይሄ ያሳዝነኛል፣ አዘጋጆቹ እንዲያስተካክሉት ፅፌላቸዋለሁ። ብቻውን ለሚኖር ሰውም ልምምዶቹ በሙሉ ለጥንድ የተዘጋጁ ስለሆኑ ቅር ያሰኛሉ። የቪዲዮ ሪከርዱ ደግሞ በአንድ ወር ይጠፋል፣ ማስታወሻ ያዙ።

ለማን ይሆናል ካላችሁ፣ ከመውጣታችሁ ሁለት ሦስት ዓመት በፊት ብትወስዱት ነው የሚሻለው፣ ያኔ ቁጠባችሁንም ማስተካከል ትችላላችሁ፣ ከስራ ውጪ ወዳጅ ለማፍራትም ጊዜ አላችሁ። ወጥታችሁ የተቀዛቀዛችሁ ከሆነም ግቡ፣ ባለቤቴ ማስረጃ ነው። ስሌት ብቻ ለምትፈልጉ ግን አንድ ጥሩ የፋይናንስ አማካሪ ጋ ሄዳችሁ ሁለት ሰዓት ብትቀመጡ ይበልጣል።

እኛ የወሰንነውን ለምትጠይቁኝ፣ እኔ ሙሉ በሙሉ አልወጣሁም፣ አለቃዬን አነጋግሬ በሳምንት ሦስት ቀን ሰኞ ማክሰኞና ሐሙስ አደረግኩት፣ ለ14 ወር። በሌሎቹ ቀናት ባዶውን አምድ እየሞላሁ ነው፣ ከ20 ዓመት በፊት የጠፋችብኝን የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ፈልጌ አግኝቻታለሁ፣ ረቡዕ ረቡዕ አብረን በእግር እንሄዳለን። ባለቤቴ እድሜውን ሙሉ የኤሌክትሪክ ሰራተኛ ነበር፣ አሁን ሙያውን መልመድ የሚፈልጉ ሁለት ወጣቶችን ይዟል፣ ገንዘብ አይቀበልም፣ እነሱ ጋሼ እያሉ ሲደውሉለት ግን ድምፁ ይቀየራል። ባለፈው ማክሰኞ እንደ ሁሌው 11 ሰዓት ላይ ከስራ ገባሁ፣ ቤቱ ጭር ብሏል፣ ቲቪው ጠፍቷል፣ የመሳሪያ ሳጥኑም ቦታው ላይ የለም።