ጋሼ፣ ሜትርዎ እኔ ጋር ነው

ሎስ አንጀለስና ዙሪያዋ ለምትኖሩ፣ በተለይ መኪናችሁን ይዛችሁ በረሃ ለመውጣት ለምታስቡ፣ አንድ መካኒክ ልጠቁማችሁ ነው። በዚያውም ላመሰግናቸው። እሳቸው እንዲህ ያለ ቦታ አይገቡም። ልጃቸው ታነብላቸዋለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በባለቤቴ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ስልኩ ላይ አንድ ነገር ነው የሚያየው፤ መኪና ድንጋይ ሲወጣ። ሩጫ የለው፣ ፉክክር የለው። ከሰው ቁመት በሚበልጥ ቋጥኝ ላይ መኪና እንደ ኤሊ ይንፏቀቃል፣ ሰው ዙሪያውን ቆሞ ያጨበጭባል። «ይሄ ደግሞ ምኑ ነው ስፖርት?» እለው ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ አሮጌዋ ቶዮታ ፎርራነራችን በአራት ጣት ከፍ ብላ ጠበቀችኝ። አንድ ሱቅ ወስዶ ከፍ አስደርጓት፣ ባለ 33 ኢንች ጎማ አስገጥሞላት መጥቷል። ስንት እንደከፈለ አልናገርም። እኔም የሰማሁት ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ ነው።

የሱቁን ስም አልጠራም። ግን መኪናዋ ከዚያ በኋላ መሪ በተጠመዘዘ ቁጥር ፊቷ በኩል ግርርር ማለት ጀመረች። ሁለቴ መልሰን ወሰድናት። «ኖርማል ነው» አሉን። ቤተ ክርስቲያን የማውቃት እህት ጋሼን የጠቆመችኝ ያኔ ነው።

ጋሼ ስልሳዎቹን አጋምሰዋል። በወጣትነታቸው ከአሰብ አዲስ አበባ በኤንትሬ ጭነት ያመላልሱ ነበር። እዚህ ከመጡ ወዲህ የኖሩት መኪና በመጠገን ነው። ጋራዥ የላቸውም፤ ጋራዣቸው ፒክአፓቸው ናት። ቤታችሁ ድረስ ይመጣሉ። የእኛዋ ሥር ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ባለቤቴን «ለመሆኑ ማን ነው እንዲህ ያሰራት?» አሉት። ጎማው ሲታጠፍ የውስጡን ፕላስቲክ እየፋቀ ኖሯል። ሁለት ቡሎን ላልቷል። ከሁሉ የባሰው ግን አንዱ የፍሬን ቱቦ ነው። መኪናዋ ከፍ ስትል ቱቦው አጥሮ ተወጥሯል፤ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። «ይቺን ይዘህ ነው ቁልቁለት ልትወርድ?» አሉት። ባሌ ዝም አለ። እኔ ዝም አላልኩም፣ ግን እሱን እንተወው።

ግማሽ ቀን ሠርተው የጠየቁን ገንዘብ ያ ሱቅ ለ«ምርመራ» ብቻ ካስከፈለን ያነሰ ነው። የተለወጠውን ዕቃ ሁሉ አሮጌውን በፌስታል አድርገው ሰጡን። «ዓይታችሁ ጣሉት» አሉ። ይሄ ልማዳቸው ነው።

ከዚያ «በረሃ ማን ሊመራችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ። ባሌ «ቪዲዮ አይቻለሁ» አለ። ሳቁ። እሳቸው ቅዳሜና እሁድ በራሳቸው ፒክአፕ መውጣት እንደሚወዱ ያወቅነው በዚህ ነው። «አብሬያችሁ ልምጣ» አሉ። ለመምጣታቸው ሊከፈላቸው አልፈለጉም፤ ነዳጅና ምግብ ብቻ። ስለዚህ የምጠቁማችሁ በመካኒክነታቸው ነው። በረሃ ይዘዋችሁ ይሂዱ አይሂዱ የእሳቸው ፈቃድ ነው።

የሄድነው መጋቢት መጀመሪያ ላይ ጆንሰን ቫሊ ነው። ሳን በርናርዲኖ ካውንቲ ውስጥ ያለ ሰፊ የመንግሥት በረሃ ነው፤ ከእኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይነዳል። ከ2007 ጀምሮ በየዓመቱ «ኪንግ ኦፍ ዘ ሐመርስ» የሚባለው ትልቅ ውድድር የሚካሄደው እዚያ ነው። የድንጋይ መንገዶቹ ስሌጅ ሐመር፣ ጃክ ሐመር፣ ክሎው ሐመር እየተባሉ በመዶሻ ዓይነት ይጠራሉ። አማቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «የት ልትሄዱ ነው?» ስትል ባሌ «ሐመርስ» አላት። «ሐመር? ደቡብ ኦሞ ነው እንዴ? ለምን ሳትነግሩኝ አገር ገባችሁ?» ብላ ተቆጣች።

ሦስት መኪና ነበርን። የእኛዋ፣ የጓደኛችን ጂፕ ሩቢኮን፣ የጋሼ ፒክአፕ። ሉሰርን ቫሊ ላይ ነዳጅ ሞላን፤ ከዚያ ወዲያ ማደያ አትጠብቁ። ውሃ በሰው በቀን አንድ ጋሎን አስይዘውናል፣ ሌላ ትርፍ ጀሪካን ደግሞ በመኪና። በ247 መንገድ ወጥተን ኩጋር ቢውትስ የሚባለው ቦታ ደረስን። ለጀማሪ የሚሆን ነው፣ ግራናይቱ ሸካራ ስለሆነ ጎማ ይይዛል።

መጀመሪያ ያደረጉት ጎማ ማስተንፈስ ነው። ንፋሱን ከ35 ወደ 16 ፒኤስአይ አወረዱት። እኔ የፈነዳ መሰለኝ። «ነይ ንኪው» አሉኝ። ጎማው ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ እንደ መዳፍ ተዘርግቶ ይጨብጠዋል። በሙሉ ንፋስ ቢሆን ኖሮ ነጥሮ ይንሸራተት ነበር። ከዚያ ማርሹን ሎው ላይ፣ ዝግ ብሎ በኃይል የሚሄደው ላይ፣ አስደረጉን። ከዚያ «ማን ነው የሚነዳው?» አሉ። ባሌ ቁልፉን ይዞ ቆሟል። እሳቸው እኔን አዩ። «አንቺ ግቢ» አሉኝ። «የፈራ ሰው ይሰማል።»

እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግራ እግሬን ፍሬን ላይ፣ ቀኝ እግሬን ቤንዚን ላይ አስደረጉኝ። ሃያ ዓመት ስነዳ ግራ እግሬ ሥራ ኖሮት አያውቅም። ጓደኛችን ከኋላ «ቀስ በቀስ…» ብሎ ተረቱን ሲጀምር ጋሼ ዞረው «እንቁላሉም ግራ እግሩን ፍሬን ላይ ያድርግ!» አሉት።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ሰውየውን የወደድኳቸው እዚህ ላይ ነው። ከመኪናዬ ፊት ቆሙ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው። እኔ ከኮፈኑ በታች ምንም አይታየኝም። ሰማይና የጋሼ ቆብ ብቻ። እኔ ወደ ፊት ስሄድ እሳቸው የኋሊት ይራመዳሉ፣ ዓይናቸው ጎማዬ ላይ ነው። «ግራ» እና «ቀኝ» አይሉም። ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ግራው ቀኝ ነዋ። «ወደ አንቺ» ሲሉ ወደ እኔ በኩል፣ «ወደ እሱ» ሲሉ ባሌ ወደተቀመጠበት በኩል እጠመዝዛለሁ። የተጨበጠ እጅ ካየሁ፣ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ሌላ ሰው አፉን እንዲከፍት አይፈቅዱም። ባሌ አንዴ ከአጠገቤ «ትንሽ ጨምሪ» ሲለኝ መኪናዋን አስቁመው መስኮቱ ድረስ መጡ። «ወይ አንተ ምራት ወይ እኔ ልምራት» አሉት። ከዚያ በኋላ ድምፁን የሰማሁት ምሳ ላይ ነው።

ድንጋዩን ለመሸሽ ስሞክር ደግሞ ይቆጣሉ። «በሆዷ አታሳልፊው! ጎማሽ ይርገጠው!» ለካ ትልቁን ድንጋይ በሁለት ጎማ መሃል ካስገባችሁት የመኪናውን ሆድ ነው የሚበላው። ጎማ ሲወጣበት ግን መኪናዋ ከፍ ብላ ታልፋለች። አንዷ ቋጥኝ ላይ የፊት ጎማዬ ሲወጣ ወንበሩ ጀርባዬን ጫነኝ፣ መስታወቱ ሰማይ በሰማይ ሆነ። ልቤ ቀጥ አለ። እጃቸው ብቻ ይታየኛል። ጣታቸውን በቀስታ ወደ ራሳቸው ይጠራሉ፣ ልጅ ዳዴ እንደሚያስተምር ሰው። ወጣሁ። ወርጄ ወደ ኋላ ሳየው ድንጋዩ ያን ያህልም አይደለም፤ ደረቴ ድረስ ቢሆን ነው። ከውስጥ ግን ራስ ዳሸን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተራው የባሌ ሆነ። ጋሼ የጓደኛችንን ጂፕ ሲያሻግሩ እሱ መጠበቅ አቃተው። የፊት ጎማው ሁለት ድንጋይ መሃል ተቀርቅሮ ሳለ መሪውን በኃይል ጠመዘዘው። ጓ! አለ። ወርደን ስናይ አንዱ የፊት ጎማ ባርስቶውን ያያል፣ ሌላው ሜክሲኮን። መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ማጭድ መስሏል።

ጋሼ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩም። ጣውላ አሸዋው ላይ አነጠፉ፣ ክሪኩን እላዩ ላይ አቆሙ፣ ቸርኬውን ፈቱ። የዘንጉን ጫፍ በመዶሻ አላቀቁና ጥርሱ ላይ ማዞር ጀመሩ። እያዞሩ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። አስራ ዘጠኝ ተኩል። «ቁጥሯን ያዢልኝ» አሉኝ፤ እጄ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩት። ሲመልሱት ልክ በዚያው ቁጥር ካልገባ ጎማው እንደ ድሮው አይገጥምም። ዘንጉ ላይ ረጅም የብረት ቱቦ አጠለቁና ትንሽ ይጫኑታል፣ ያዩታል፣ ደግሞ ትንሽ ይጫኑታል። ሲቀና ጫፉን መልሰው አሰሩ። ከዚያ ሁለቱ ጎማዎች ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው ሜትር ዘረጉ፤ እሳቸው አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን። በፊት በኩል ለኩ፣ በኋላ በኩል ለኩ። ልዩነቱ ከአንድ ጣት ሲያንስ «ለካምፕ ትበቃለች» አሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ባሌ መጎተቻ መኪና ብናስመጣ ስንት እንደሚጠይቁን አሰበና ፊቱ ክው አለ።

ሌሊቱ ይበርዳል፣ እንዳትሸወዱ። ቀን በቲሸርት የዋልን ሰዎች ማታ ብርድ ልብስ ተከናንበን ከሰሉን ከበብን። ጥብስ ነበር፣ ቆሎ ነበር፣ ጀበናዬን ይዤ ነበር። መጠጥ መኪና ሁሉ ቆሞ ቁልፍ ሁሉ ኪስ ሳይገባ አይከፈትም፤ የጋሼ ሕግ ነው። ከምሥራቅ በኩል፣ ከአሜሪካ ማሪን ወታደሮች የልምምድ ሜዳ፣ አልፎ አልፎ ዱብ የሚል ድምፅ ይመጣል። ስለ አሰብ መንገድ ጠየቅናቸው። ብዙ አላወሩም። «እዚያ ሌሊት ነበር የምንነዳው። ቀን መኪናው ሥር እንተኛለን» አሉና ቡና ጨመሩ።

እሁድ መኪናችንን ድንጋይ ላይ አላስወጣም አሉ። በእሳቸው ፒክአፕና በጂፑ ወደ ሚንስ ደረቅ ሐይቅ ሄደን ቾኮሌት ተንደር የሚባለውን መውጫ አየን። ስሙ ይጣፍጣል እንጂ የተቆለለ ቋጥኝ ነው። በብረት ቱቦ የተሠሩ፣ ጎማቸው ወገቤ የሚደርስ መኪኖች ይታገሉታል። ጓደኛችን ጂፑን አየ፣ ድንጋዩን አየ። «ሩቢኮን ነው እኮ፤ ከፊትም ከኋላም ጎማዎቹን አንድ ላይ የሚያዞር ሎከር አለው፣ ሎው ማርሹ 4 ለ 1 ነው» አለ። ጋሼ ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ። «አይወጣም» አሉ። ተከራከረ። «ትሞክራለህ፣ አክስሉን ትሰብራለህ፣ እኔ እጠግንልሃለሁ። ሰኞ ሥራ ትገባለህ ወይ?» አሉት። ሌላ መካኒክ፣ ሥራ የሚፈልግ ቢሆን ኖሮ «ግባ» ይለው ነበር። ጓደኛችን አኮረፈ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንዱ የብረት ቱቦ መኪና በጎኑ ተጋደመ፤ ሰዎቹ በዊንች፣ በመጎተቻ ገመድ፣ ሲያቀኑት ኩርፊያው ለቀቀው።

ልንነሳ ስንል ጋሼ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው መኪኖቹ ሥር አዩ። ጂፑ ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ የበረሃ ኤሊ። ከ1990 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀች ናት። ልጃቸው ቢሆን እንደዚያ አይጠብቋትም። አንሥተን ዞር እናድርጋት ስንል ከለከሉን፤ ስትደነግጥ ያጠራቀመችውን ውሃ ትለቀዋለች፣ ያ ደግሞ በዚህ በረሃ ሞቷ ሊሆን ይችላል። ቆመን ጠበቅናት። ሃያ ደቂቃ። ባሌ እንኳን አልተነጫነጨም።

በመመለሻችን ከጋሼ ኋላ ኋላ፣ በቀስታ፣ የአደጋ መብራት እያበራን አፕል ቫሊ ደረስን። «በተቃና ዘንግ ፍሪዌይ አላስገባችሁም» አሉ። አዲሱን ገዝተን መኪና ማቆሚያው ላይ ቀየሩልን። ለዚህም ሥራ ገንዘብ አልጠየቁም። እኔ ግን በጓንታቸው ውስጥ ያስቀመጥኩትን አግኝተውት ይሆናል።

እንዳትቀየሙ እንከናቸውንም ልንገራችሁ። ሥራ ላይ ስልክ አያነሱም። ተራ ረጅም ነው፤ ሁለት ሳምንት ልትጠብቁ ትችላላችሁ። መኪናችሁን ሳያዩ ዋጋ አይናገሩም። የማያምኑበትን ዕቃ ግጠሙልኝ ብትሏቸው አይገጥሙም፣ ያስረዷችኋል፣ ካልሰማችሁ ዕቃቸውን ሰብስበው ይሄዳሉ።

ስልካቸውን እዚህ እንዳልለጥፍ ነግረውኛል። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። የመኪናውን ዓይነትና ዓመት፣ ምን እንደሆነባት፣ ከፍ ተደርጋ ከሆነም ማን እንዳሰራት ጨምሩበት። መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

ጋሼ፣ ቢጫዋን ሜትር ፈልገው አጥተው ከሆነ በመኪናዬ በር ኪስ ውስጥ ናት። ቅዳሜ ቡና ይዤ አመጣታለሁ።