ሚሊንግ ማሽን ላሠለጠኑኝ ባለሙያ ምስጋና፣ ሙያውን ለሚሹም ጥቆማ

በቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የመለዋወጫ ማምረቻ ወርክሾፕ ውስጥ ለአራት ወራት የሚሊንግ ማሽን (በሚዞር መቁረጫ ብረት የሚቀርጽ ማሽን) ሥራ ላሠለጠኑኝ አንጋፋ ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ በዚህ ሙያ ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡም እርሳቸውን ለመጠቆም ይህን ጽፌያለሁ። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁኝ በዚህ ጽሑፍ ሁላችንም እንደምንጠራቸው "ጋሼ" እላቸዋለሁ።

ወደ እርሳቸው የሄድኩት የኮሌጅ ሥልጠናዬን ጨርሼ የምስክር ወረቀት ከያዝኩ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ በተማርኩበት ተቋም የሚሠራው ሚሊንግ ማሽን አንድ ብቻ ስለነበር፣ አብዛኛውን የተግባር ሰዓት ያሳለፍኩት ከጓደኞቼ ጀርባ ቆሜ አንገቴን አስግጌ በማየት ነበር፤ ቀጣሪ "እስቲ ሥራና አሳየን" ሲለኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጋሼ በመጀመሪያው ሳምንት ማሽኑን እንዳስነሳ አልፈቀዱልኝም። ሥራዬ ሞርሳውን (የሚቆረጠውን ብረት ጨብጦ የሚይዘውን ማሰሪያ) ከጠረጴዛው ላይ ፈትቶ ማጽዳት፣ መልሶ ማሰርና በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ በሚያሳይ መለኪያ) ማስተካከል ብቻ ነበር። የጌጁን ጫፍ በማይንቀሳቀሰው የሞርሳ መንጋጋ ላይ አስደግፌ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ስነዳ መርፌው ከ0.02 ሚሊ ሜትር በላይ ከሄደ ብሎኖቹን አላልቼ በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ አድርጌ እመታና እንደገና እለካለሁ። በሁለተኛው ቀን "ተስተካክሏል" ስላቸው ምንም ሳይናገሩ ብሎኖቹን እስከ መጨረሻው አጠበቁና መርፌው ሲሸሽ አሳዩኝ። ሞርሳ ሲጠብቅ ከቦታው እንደሚንሸራተት ከዚያ ቀን ወዲህ አልረሳሁም።

ፍጥነትንም በግምት አያስመርጡም። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የኤችኤስኤስ (ለመቁረጫ የሚውል ጠንካራ ብረት) መቁረጫ ተራ ብረት በደቂቃ 25 ሜትር ፍጥነት ለመቁረጥ፣ 25ን በ1000 አባዝቶ ለ3.14 ሲባዛ 20 ማካፈል ያስፈልጋል፤ ውጤቱም በደቂቃ 400 ዙር ገደማ ይሆናል። ይህን በኖራ ማሽኑ ላይ ጽፌ ካላሳየሁ ማርሽ እንድነካ አይፈቅዱም ነበር።

አንድ ጥፋቴን ሳልደብቅ ላንሣ። ማሽኑ ያረጀ በመሆኑ የጠረጴዛው መንጃ ብሎን ክፍተት አለው፤ ስለዚህ ብረቱ መቁረጫው በሚዞርበት አቅጣጫ ከተነዳ መቁረጫው ብረቱን ወደ ራሱ ይስበዋል። ይህን እየተነገረኝ ቸኩዬ በተሳሳተው አቅጣጫ ነዳሁና 12 ሚሊ ሜትር ኤንድ ሚል (በጫፉና በጎኑ የሚቆርጥ መቁረጫ) ሰበርኩ። ጋሼ አልጮሁብኝም፤ ማሽኑን አጥፍተው እጀታውን ወዲያና ወዲህ እንዳዞርና ጠረጴዛው ሳይነቃነቅ እጀታው ምን ያህል እንደሚዞር እንዳይ አደረጉኝ። የመቁረጫውን ዋጋ ግን አስከፍለውኛል፣ ተገቢም ነበር።

የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራዬ ለአንድ ወፍጮ ቤት 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሻፍት (የሚዞር ዘንግ) ላይ 8 ሚሊ ሜትር ስፋትና 4 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ኪይዌይ (የቁልፍ ብረት የሚገባበት ቦይ) ማውጣት ነበር። እናቴ ከመነሻውም የወፍጮ ቤት ሥራ የምማር ይመስላት ስለነበር፣ ይህን ስነግራት ግምቷ ልክ መሆኑ የተረጋገጠላት መሰላት።

በመጨረሻው ወር ዲቫይዲንግ ሄድ (ብረቱን በእኩል ክፍልፋይ እያዞሩ ለመቁረጥ የሚረዳ መሣሪያ) ተማርን። እጀታው 40 ጊዜ ሲዞር ብረቱ አንድ ጊዜ ስለሚዞር፣ 24 ጥርስ ላለው ማርሽ በየጥርሱ አንድ ሙሉ ዙርና በመሣሪያው ሰሌዳ ላይ ባለው የ18 ቀዳዳ ክብ 12 ቀዳዳ መሄድ ያስፈልጋል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ብዙዎቻችንን ያሳሳተን ግን የእጀታው ፒን የተቀመጠበትን መነሻ ቀዳዳ አብሮ መቁጠር ነበር። እኔም በዚሁ ስህተት አንድ ብረት አበላሽቻለሁ።

ለሚያስብበት ሰው ልናገር የሚገባኝ ነገር አለ። ጋሼ የሚያሠለጥኑት በእጅ በሚነዳ ማሽን ብቻ ስለሆነ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን) የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሞክር። በአንድ ጊዜ ከሦስት ሰው በላይ አይቀበሉም፣ ክፍያቸውም ርካሽ አይደለም። በሚዞር ማሽን አጠገብ ጓንት ያደረገን ወይም የብረት ፍቅፋቂ በእጁ የሚጠርግን ሰው ያለ ክርክር ወደ ቤቱ ይልካሉ። ክፍልፋይ ማስላት የሚችልና ለመታዘዝ የማይታክተው ወጣት ግን ከእርሳቸው ዘንድ ገንዘቡን አያባክንም፤ እኔ ዛሬ በጀማሪ ኦፕሬተርነት ተቀጥሬ እየሠራሁ ነው።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። በሥራ ሰዓት ስልክ ስለማያነሱ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ደውሉላቸው።