የኮፒ ፓራውልት ሙሉ ሴት ለቪትዝ፦ ሽፋኑ ይገዛል፣ ብረቱ ይቅር

ጎንደር ውስጥ፣ ፒያሳም ሆነ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉ መለዋወጫ ቤቶች፣ ለቪትዝ የፊት ፓራውልት የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት «ሙሉ ሴት»፣ ማለትም ሙሉ ስብስብ፣ የሚባለው ኮፒ ነው። በውስጡ አራት ዓይነት ዕቃ አለ፦ ከውጭ የሚታየው የፕላስቲክ ሽፋን፣ ከሽፋኑ ጀርባ የሚቀመጠው ስፖንጅ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚዘረጋው የፓራውልት ብረት፣ እንዲሁም ብረቱን ከሻንሲው ጫፍ ጋር የሚያገናኙት ክራሽ ቦክስ የሚባሉ ሁለት አጫጭር ሳጥኖች። አንድ ላይ ሲገዛ ይረክሳል። ግን የእነዚህ ዕቃዎች ሥራም ጥራትም ስለማይገናኝ ዋጋቸው ተለይቶ ይጠየቅ፤ አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው ይቻላልና። እዚህ የሚገመገመው ከ2005 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ለተሠራው ሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ የሚመጣው የአምራች ስም የሌለበት ኮፒ ነው። መመርመሪያ መንገዱ ግን ለኮሮላም ለሌላውም ትንሽ መኪና ይሠራል።

ከሽፋኑ እንጀምር፤ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ነው። ሽፋኑ መልክ ነው፣ ነፋስ መቁረጫና ጭረት መቀበያ ነው እንጂ ግጭት አይሸከምም። የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደህንነት ኢንሹራንስ ተቋም በ2000 እ.ኤ.አ. አንድ የ1997 ሞዴል ካምሪ የፊት ፓራውልት ሽፋኑን፣ ፓራፋንጎውንና የበሮቹን የውጭ ቆዳ አውልቆ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር አጋጭቶት ነበር። ተሳፋሪውን በመጠበቅ በኩል ዕቃው ሁሉ ካልተነሳለት ካምሪ ጋር የሚቀራረብ ውጤት ነው ያገኘው። ስለዚህ ሽፋን ላይ ኮፒ መግዛት ነውር የለውም። መታየት ያለበት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጀርባው ላይ የፒፒ (PP) እና የኢፒዲኤም (EPDM) ፊደላት መታተማቸው፤ ይህ የሚተጣጠፈው ፕላስቲክ ነው። የመስታወት ክር ያለበት ፋይበር ከሆነ ኮብልስቶን ላይ አፍንጫው ሲነካ ይሰነጠቃል እንጂ አይመለስም። ሁለተኛ፣ የክሊፕ ቀዳዳዎቹ ጆሮ። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አውቶቡስ ጣራ ላይ ታጥፎ ታስሮ የመጣ ሽፋን በብዛት የሚጎዳው በፓራፋንጎው በኩል ያሉት ጆሮዎቹ ላይ ነው፤ ስንጥቁ ከቀለም በኋላ ነው የሚወጣው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጆሮዎቹን በጣት ትንሽ ገፋ አድርጉና ነጭ መስመር መውጣት አለመውጣቱን እዩ።

ቀለም ቤት ከመሄዱ በፊት ደግሞ ሽፋኑ ጥሬውን መኪናው ላይ ይለካ። ከኮፈኑና ከመብራቱ ጋር ያለው ክፍተት ግራና ቀኝ እኩል ካልሆነ የሚመለሰው ያን ጊዜ ነው፤ የተቀባ ሽፋን ማንም መልሶ አይወስድም። የፕላስቲክ ፕራይመር ሳይቀባ በቀጥታ የተቀባ ሽፋን በመጀመሪያው የጠጠር ምት ልክ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል፤ ለቀቢው አስቀድሞ ይነገረው።

ስፖንጁ የሚናቀው ዕቃ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ «ባይኖርም ይሄዳል» ተብሎ የሚጣለውም እሱ ነው። መጣል የለበትም። በዝግታ በሚደርስ ንክኪ ምቱን ለብረቱ በሰፊው የሚያካፍለው፣ እግረኛ ሲመታ ደግሞ ከስሱ ሽፋን ሌላ በጉልበቱና በብረቱ መካከል የሚቀረው እሱ ብቻ ነው። የእግረኛ መንገድ በጠበበበት፣ ተማሪውም ከብቱም ባጃጁም አንድ አስፋልት ላይ በሚሄድበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኦሪጅናሉ ከፖሊፕሮፒሊን የተነፋ ነው፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይገባና ይመለሳል። ርካሹ ኮፒ ግን አንዳንዴ ቴሌቪዥን ተጠቅልሎ የሚመጣበት ነጩ ፖሊስታይሪን ነው፤ ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል፣ ጠርዙ ሲሰበር ፍሬ ፍሬ ሆኖ ይረግፋል። ጥቁር ስለተቀባ በዓይን አይለይም። የሚለየው በቤንዚን ነው፦ ከማይታየው ጥግ የጥፍር ያህል ቁራጭ ውሰዱ፣ ከእሳት ርቃችሁ ውጭ ላይ አንድ ጠብታ ቤንዚን ጣሉበት። ፖሊስታይሪን ከሆነ ወዲያው ይሟሟል፣ ፖሊፕሮፒሊን ከሆነ ቅርጹን ይይዛል። ስፖንጁ ፈተናውን ካለፈ ኮፒም ቢሆን ይገዛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ብረቱና ወደ ሳጥኖቹ። እዚህ ላይ ኮፒው አይመከርም፤ ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። 1000 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የተሸከመው ጉልበት 8.7 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ሁለቱ ሳጥኖች በ12 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ተጨማደው ይህን ሁሉ ይጨርሱት ቢባል በአማካይ 72 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም የ7 ቶን ክብደት ያህል ግፊት፣ ለሁለት ተካፍለው መቋቋም አለባቸው። ከዚያ በታች ከለሰለሱ ጉልበቱ ሳያልቅ ተጨምድደው ያልቁና ራዲያተሩ ይመታል። ከዚያ በላይ ከጠነከሩ እነሱ ሳይነኩ ሻንሲው ይታጠፋል። ሳጥኑ የተሠራው በቡሎን ተፈትቶ እንዲጣል፣ ሻንሲው እንዲድን ነው። ፍጥነቱ 30 ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ስለሚሆን ሻንሲው ራሱ መሥራት ይጀምራል፤ ሳጥኖቹ በትክክል ቀድመው ካልታጠፉ የሻንሲውም አተጣጠፍ ይበላሻል።

ኮፒው የሚወድቀው በብረቱ ዓይነት ነው። ብዙ ዘመናዊ የፓራውልት ብረቶች የሚሠሩት በሙቀት ተጭኖ ከሚቀረጽ ቦሮን ብረት ወይም ሌላ ከፍተኛ ጥንካሬ ካለው ብረት ነው። ቦሮኑ እስኪበጠስ 1500 ሜጋ ፓስካል (የብረት ጥንካሬ መለኪያ ነው) ገደማ ይሸከማል፤ ተራ ላሜራ ግን 200 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ሲደርስ መታጠፍ ይጀምራል። ስለዚህ «የኛው ይወፍራል፣ እንዲያውም ይጠነክራል» የሚለው የሻጭ ቃል አያስኬድም፤ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን እንኳ ክፍተቱን አይሞላውም። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዳንድ ኦሪጅናል ብረት አሉሚኒየም ነውና ማግኔት አይዝም፣ የእናንተው አሮጌ ካልያዘ አዲሱም መያዝ የለበትም። አሮጌውንና አዲሱን አንድ ሚዛን ላይ አስቀምጡ፤ በካሊፐር የጠርዙን ውፍረት ለኩ። ሳጥኑ ጎን ላይ ከፋብሪካ የተቀረጹ ጎድጓዳ መስመሮች አሉ፤ መጀመሪያ የት እንደሚታጠፍ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ኮፒው ላይ መስመሮቹ ከሌሉ ወይም እንደ ጌጥ በስሱ ብቻ ከተነኩ ሳጥኑ እንደ አኮርዲዮን ከመታጠፍ ይልቅ ወደ ጎን ይሰበራል።

ሻጮች ለዚህ አንድ መልስ አላቸው፦ «ፓተንቱ አልቋል፤ አሁን ማንም እንደ ኦሪጅናሉ ይሠራዋል።» ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ጊዜው ያልቃል፣ ይህ እውነት ነው። የመኪናው ጫፍና ጫፍ እየተጨማደደ መሃሉ ጠንክሮ ተሳፋሪውን እንዲጠብቅ የሚለውን ሐሳብ ኢንጂነሩ ቤላ ባሬኒ በ1951 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ አስገብቶ በ1952 በቁጥር 854157 ፓተንት አግኝቶበታል፤ መርሴዲስ በ1959 መኪና ላይ አዋለው፣ ዛሬ የዓለም ሁሉ ንብረት ነው። ነገር ግን ጊዜው ያለፈበት ፓተንት ለማንም ሰው የመሥራት ነጻነት ይሰጠዋል እንጂ የሠራው ዕቃ ኦሪጅናሉን እንዲያህል አያደርገውም። ሰነዱ ውስጥ ያለው የአሠራሩ ሐሳብ ነው፤ ለቪትዝ የተመረጠው ብረት፣ ውፍረቱና የብየዳ ነጥቦቹ የሚገኙት በፋብሪካው ሥዕል ላይ ነው።

የመለዋወጫ ገበያውን ያንቀሳቀሱት የቅርብ ጊዜ የአሜሪካ ክርክሮችም የሚመለከቱት መልክን ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ሰርኪዩት ይግባኝ ፍርድ ቤት የፎርድ ኤፍ 150 ኮፈንና የፊት መብራት ዲዛይን ፓተንት እንዲጸና ወስኗል፤ «ደንበኛው ከመኪናው ጋር የሚመሳሰል ዕቃ ስለሚፈልግ መልኩ ራሱ ተግባር ነው» የሚለውን የመለዋወጫ ነጋዴዎች መከራከሪያ አልተቀበለም። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በሙሉ ዳኞቹ ተቀምጦ፣ የመለዋወጫ ሻጩ ኤልኬኪው ከጄኔራል ሞተርስ ጋር በፓራፋንጎ መልክ ላይ ባደረገው ክርክር፣ የዲዛይን ፓተንትን «ከቀደሙት ዲዛይኖች አንጻር ግልጽ ነው» ብሎ መቃወሚያውን የድሮ ጥብቅ መለኪያ ሽሮ ላላ አደረገው። ሁለቱም ጉዳዮች ስለ ኮፈን፣ መብራትና ፓራፋንጎ እንጂ ከሽፋን ጀርባ ስላለው ብረት አልነበሩም። ማን ፍርድ ቤት እንዳሸነፈ በመጠየቅ የሳጥኑን ጥንካሬ ማወቅ አይቻልም።

እዚህ አገር ያለው ሕግ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ፓተንት ለ15 ዓመት ይሰጣል፣ ፈጠራው አገር ውስጥ በሚገባ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ውጭ አገር የተመዘገበ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ያልተመዘገበ ፓተንት እዚህ አያስከስስም፤ ኮፒ ሳጥን መሸጥ በዚህ በኩል ብቻውን ወንጀል አይደለም። የቶዮታ አርማ ካርቶኑ ላይ ታትሞ ኮፒ ሲሸጥ ግን ጉዳዩ ወደ ንግድ ምልክት ይዞራል፤ እሱን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። ገዢ ማድረግ የሚችለው ደረሰኙ ላይ «ኦሪጅናል» ወይም «ኮፒ» የሚለው ቃል እንዲጻፍ መጠየቅ ነው። ደፍሮ «ኦሪጅናል» ብሎ የማይጽፍ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ታዲያ ምን ይገዛ? አዲስ ኦሪጅናል ብረት አቅም ካልፈቀደ፣ ካልተጋጨ መኪና የወጣ ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ኮፒ ይሻላል። ሲመረጥ የሁለቱ ሳጥኖች ርዝመት በሜትር ይለካ፤ 3 ሚሊ ሜትር ልዩነት ካለ ይተው። በብረቱ ጀርባ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ተወጥሮ ግራና ቀኙ ይነጻጸር፤ ጎባጣው እኩል መሆን አለበት። የፋብሪካው ቀለም በጎድጓዳ መስመሮቹ ላይ ከተሰነጠቀ ተጨማድዶ የተቃና ነው። ስቱኮ ያለበትን፣ በመዶሻ የተመታ ምልክት ያለበትን፣ ከፋብሪካው ነጥብ ውጭ ብየዳ ያረፈበትን አትውሰዱ። ጠንካራ ብረት በብየዳ ሙቀት ዙሪያውን ይለሰልሳል፤ አንዴ የታጠፈ ሳጥን ደግሞ ቢቃናም እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቆ ይጠብቃል። ላሜራ ደርቦ መበየዱ የባሰ ነው፤ ሳጥኑን ወደ ጠንካራ ምሰሶ ይለውጥና ቀጣዩን ምት ሻንሲው ይቀበላል። ከውኃ ቧንቧ ተበይዶ በቀጥታ ሻንሲው ላይ የሚታሰረው የብረት መከላከያ ለትንሽ መኪና የማይመከረውም ለዚሁ ነው። የኤርባግ ዳሳሽም የሚቆጥረው የመኪናው ፍጥነት በምን ያህል ቅጽበት እንደቀነሰ ስለሆነ፣ ፊቱን ማጠንከርም ማለስለስም የሚፈነዳበትን ጊዜ ያዛባዋል።

ሲገጠም ቡሎኖቹ በእጅ ሁሉም ገብተው ካለቁ በኋላ ነው የሚጠበቁት። ቀዳዳው አልገጥም ካለ በእሳት ወይም በፑንታ አይሰፋ፤ የማይገጥመው ወይ ብረቱ ጠማማ ስለሆነ ነው ወይ ሻንሲው ቀድሞ ስለተንቀሳቀሰ፣ ሁለቱም መታወቅ አለባቸው። ሽፋኑ ከመዘጋቱ በፊት ባለቤቱ ቆሞ ስፖንጁ መግባቱን፣ የፊት ዳሳሾቹ ሶኬት መሰካቱን፣ የራዲያተሩ ፊት ከብረቱ መራቁን በዓይኑ ይይ፤ ስልኩ ላይም ፎቶ ያንሳ፣ ነገ ሌላ ጋራዥ ሲጠይቀው ማሳየት ይችላልና። ከዚያ በኋላ ቀላል የሚመስል ንክኪ ቢደርስ የሽፋኑ ቀለም አለመነሳቱ አያዘናጋ። ፒፒው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ከጀርባው ያለው ሳጥን ግን አይመለስም፤ ሽፋኑ ወርዶ የሳጥኖቹ ርዝመት እንደገና ይለካ።